ቅጠሉ ገና ነው

ሐጃ ሱዓድ ከካርቱም ደውላ ጋሽ ታምሩ መሞታቸውን ስትነግረኝ፣ አላህ ይቅር ይበለኝና፣ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ነበር?» የሚል ጥያቄ ነው። ሰው ሞተ ሲባል የሚጠየቀው ሌላ ነው፤ ምን አገኛቸው፣ የት ተቀበሩ፣ አጠገባቸው ማን ነበረ ይባላል። እኔ ግን ገዳሪፍ፣ እህቴ ኩሽና ውስጥ፣ ማማሰያ እንደያዝኩ ስለ ቅጠል ጠየቅሁ። ሐጃም አልገረማትም። «ቢጫ ሆኖለት ነበር፤ ነቅሎ አስቀምጦታል» አለችኝ። ከዚያ ሁለታችንም ስልኩን ጆሯችን ላይ እንደያዝን አለቀስን።

ሐጃን «እሷ» የምለው ንቄያት እንዳይመስላችሁ። ካርቱም፣ ጀብራ በሚባለው ሰፈር፣ የምንኖርበት ግቢ ባለቤት፣ እናቴን የምታህል አሮጊት ናት። ግን የማወራት በዐረብኛ ነው፤ ዐረብኛ ደግሞ አንቱ የለውም፤ አፌ በዚያው ለመደ። ጋሽ ታምሩን ግን ስሰድባቸው እንኳ አንቱ እያልኩ ነበር። ብዙ ጊዜም ሰድቤያቸዋለሁ።

ጋሽ ታምሩ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ውስጥ፣ ከሃፍላዎቹ፣ ከከተማ አውቶቡሶቹ፣ መቆሚያ አጠገብ፣ ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግተው መነጽር የሚጠግኑ ሰው ነበሩ። በአገራቸው መምህር ነበሩ፤ መንግሥት በተለወጠ ጊዜ በፖለቲካ ሸሽተው ነው የመጡት። የመጡትም ለአጭር ጊዜ ነበር። ይህንን ማንም ሳይጠይቃቸው ይናገራሉ። እኔ ጓዜን ተሸክሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ግቢው ስገባ በር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ስሜን እንኳ ሳይጠይቁ «ከእኔ ጋር ብዙ አትላመጂ፣ እኔ ሂያጅ ነኝ» አሉኝ።

«የት ነው የሚሄዱት?» አልኳቸው።

«ፕሮሰስ ላይ ነኝ።»

እኔ የዋህ፣ ሰውዬው በሳምንቱ ሊበሩ ነው ብዬ የስንቅ ዳቦ ልጋግርላቸው አስቤ ነበር። ያ ፕሮሰስ እኔ ፀጉሬ እስኪሸብት አላለቀም። አንድ ጊዜ ካናዳ ነው፣ አንድ ጊዜ አውስትራሊያ ነው፣ አንድ ክረምት ደግሞ ኖርዌይ ሆነና ሹራብ ገዝተው መጡ። ካርቱም ላይ ሹራብ! ሰፈሩ ሁሉ «ያ ሙሳፊር» ይላቸው ነበር፤ አንተ መንገደኛ እንደ ማለት። ልጆቹ ሳይቀሩ ትክክለኛ ስማቸውን አያውቁትም።

ሂያጅ ስለሆኑ ዕቃ አይገዙም። የሚተኙበት ዐንገሬብ፣ ያ በገመድ የሚጠለፈው የሱዳን አልጋ፣ የሐጃ ነው። ወንበሩም የሐጃ፣ ባልዲውም የሐጃ። ማራገቢያ ይግዙ ስላቸው «ለሁለት ወር ሙቀት ብዬ?» ይሉኛል። ዐረብኛውንም በወጉ አልተማሩትም፤ ልሄድ ነው እኮ ለምን ብዬ ነው ነገሩ። ሐጃን ዕድሜ ልካቸውን እንደ ወንድ ሲያናግሯት ኖሩ፤ እሷም ከመሳቅ በቀር አርማቸው አታውቅም። የሚያድሱት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሻንጣ። ጎማ ያለው ሻንጣ ሱቅ ዐረቢ በገባ ጊዜ ገዝተው መጡና በግቢው ሲሚንቶ ላይ ወዲያና ወዲህ እየጎተቱ አሳዩን። «ስሚው እስቲ ዘይኑ፣ ድምፅ እኮ የለውም» አሉኝ፤ ዘይነብን አሳጥረው ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ምንድን ነው ብሎ ወጥቶ ነበር።

ታዲያ እኚህ ማንኪያ እንኳ አልገዛም ያሉ ሰው አበባ ይተክሉ ነበር።

ግላዲዮለስ ይባላል። ቀጥ ብሎ ይቆምና ከታች ወደ ላይ ተራ በተራ የሚፈነዳ፣ ቀይም ቢጫም ሐምራዊም ያለው አበባ ነው። ሥሩን የሰጧቸው ካርቱም ሁለት የሚባለው ሰፈር ይኖሩ የነበሩ አንድ ኸዋጃ፣ አንድ ፈረንጅ፣ ናቸው። መነጽራቸውን ያስጠግኑ ነበር፤ ከዕለታት አንድ ቀን አገሩን በችኮላ ሲለቁ አንድ ከረጢት ይዘው ጠረጴዛው ድረስ መጡና ሦስት ነገር አዘዟቸው። ቅጠሉ ቢጫ ሳይሆን እንዳትነቅለው። የሙቀቱን ወራት ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጠው። ብርድ ሲገባ መልሰህ ትከለው፤ እኔም እመለሳለሁ። ኸዋጃው አልተመለሱም። ትእዛዙ ግን ቀረ። ጋሽ ታምሩ ስለ አበባ ከነዚህ ሦስት ነገሮች ሌላ አያውቁም ነበር፤ ማወቅም አይፈልጉም። አበባው ከተቆረጠ ሥሩ ይቀጭጫል የሚል የራሳቸውንም ጨምረውበታል፤ ያንን ከየት እንዳመጡት እንጃ። ለሠርግ የለመናቸውን ሁሉ አሳፍረው መልሰዋል። እኔ አንድ ዓመት ለዒድ አንድ ዘንግ ቆርጬ ብርጭቆ ውስጥ ባቆም አኮረፉኝ። ቀናት አለፉና በመስኮቴ ሲያልፉ፣ ፊታቸውን ወደዚያ እንዳዞሩ፣ «ውሃውን ቀይረሻል?» አሉኝ። በዚያው ታረቅን።

ሐጃ ከአጥሩ ሥር ሎሚ ይተክሉላት ዘንድ ለምናቸው ነበር። «ዛፍ አልተክልም» አሏት። «ዛፍ አይነቀልም። ይሄ ግን ይነቀላል፣ በከረጢት ይያዛል፣ ከእኔ ጋር ይሄዳል።» ሐጃም «ኢንሻአላህ» አለች፤ አባባሏን ብትሰሙት ግን ሳቋን እንደያዘች ታውቃላችሁ።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ፣ መሬቱ እሳት መሆን ሲጀምርና ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን፣ ግቢው የሳቸው ነው። አካፋ ይቆርጠዋል ብለው በሹካ ነበር የሚቆፍሩት፤ ሹካውም የእኔ ነበር። አንድ በአንድ አውጥተው አፈሩን ያራግፋሉ፣ ቅጠሉን በመቀስ ይቆርጣሉ፣ ሥሩን ጥላ ላይ በጋዜጣ ዘርግተው ያደርቃሉ። ሲደርቅ ያንን መነጽር ሲጠግኑ የሚጠቀሙበትን ማጉያቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው፣ በጥርስ ብሩሽ እየጠረጉ፣ ሻጋታ አለ የለም እያሉ ያገላብጡታል። እኔ ሆን ብዬ «ሽንኩርትዎት ደረሰ?» እላቸዋለሁ።

«ሽንኩርት አይደለም! ስንቴ ልንገርሽ? ሽንኩርት ተልጦ ተልጦ ያልቃል። ይሄ እንደ ድንች ድፍን ነው።»

አንድ ቀን ሥራ ፈትቼ አጠገባቸው ተቀምጬ ሳይ ያልጠበቅሁትን አየሁ። ለካ ያ የተተከለው ሥር ዓመቱን ሙሉ ተመጥጦ ተጨማዶ ያልቃል፤ አዲሱ እላዩ ላይ ነው የሚሠራው። ጋሽ ታምሩ አዲሱን በአንድ እጃቸው ይዘው የሞተውን አሮጌ ከሥሩ ጠምዘዝ ሲያደርጉት ቀጭ ብሎ ይለቃል።

«ጋሼ፣» አልኳቸው፣ «እንዲህ ከሆነ የኸዋጃው ሥር እኮ በመጀመሪያው ዓመት አልቋል። አንቱ የማንን ነው የሚጠብቁት?»

የጥርስ ብሩሹን አስቀመጡ። «አንቺ ልጅ፣» አሉ፣ «ዛሬ ሥራ የለሽም?»

ቀዝቃዛ ቦታ የተባለው የእኔ ፍሪጅ ነው። ካርቱም ሁለት የምሠራባቸው ሰዎች አዲስ ሲገዙ አሮጌውን ሰጥተውኝ፣ በርክሻ፣ በባጃጅ፣ አስጭኜ ያመጣሁት፣ እንደ ዓይኔ ብሌን የማየው ፍሪጅ። ጋሽ ታምሩ «ፍሪጅ ይዤ አውሮፕላን ልግባ?» እያሉ ይቀልዳሉ፤ ከግንቦት እስከ ኅዳር ግን የፍሪጄ ታችኛው መሳቢያ የሳቸው ነው። ቲማቲሜ ውጭ ይበሰብሳል፣ የሳቸው ሥር እንደ ሙሽራ ቀዝቅዞ ይተኛል። ሥሩን አየር እንዲያገኝ በሴት ስስ ካልሲ ነበር የሚቋጥሩት። ካልሲውን ከየት ያመጡታል ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። የእኔ ካልሲ ከማስጫው ገመድ ላይ በየዓመቱ በዚያው ሰሞን ይጠፋል፤ ስጠይቃቸው «ሃቡብ ነው፣ ያ የአቧራ ነፋስ» ይሉኛል። ነፋሱም የአንድ እግር እየመረጠ ነበር የሚወስደው።

መብራት በጠፋ ቁጥር ደግሞ ጉድ ነው። ገና ማራገቢያው ሳይቆም በሬ ላይ ናቸው። «ዘይኑ! እንዳትከፍችው!» ረመዳን ሙቀት ላይ በዋለ ጊዜ፣ መብራት ከቀትር ጀምሮ የለም፣ እኔ ምላሴ ትናጋዬ ላይ ተጣብቋል፣ አዛን እስኪል ቀዝቃዛ ውሃ በዓይኔ ላይ ይሄዳል። እሳቸው ጾሙ አይመለከታቸውም፤ ግን ልክ አዛን ሊል ሲል ትሪ ይዘው ከፍሪጁ አጠገብ ይቆማሉ። «አንዴ ነው የምትከፍችው። ውሃውን፣ ተምሩን፣ ሐልዋውን፣ ሁሉንም በአንዴ። በይ አስቢበት!» እኔ በአንድ እጄ በሩን ይዤ በሌላው እያወጣሁ ትሪው ላይ ስቆልል፣ ሐጃ ከወዲያ ሆና ሳቋ ጾሟን ሊያስፈታት ይደርሳል። ወላሂ ዛሬም አዛን ሲል ትሪ የያዘ ሰው አጠገቤ የቆመ ይመስለኛል።

ኅዳር ሲገባና ንፋሱ ቀዝቀዝ ሲል ከረጢቱን ከፍሪጄ አውጥተው ወደዚያችው መደብ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ይመለሳሉ። ሚያዝያ ላይ «ዘንድሮስ ሌላ አገር ነው የምተክላቸው» ብለው የነቀሉትን ማለት ነው። ሐጃ ይህችን ቀን በጉጉት ነበር የምትጠብቃት። ወንበሯን አውጥታ ትቀመጥና፣ ከረጢቱን ይዘው ብቅ ሲሉ፣ «ሐምዲላ ዐላ ሰላማ፣ ያ ታምሩ!» ትላቸዋለች። ከሩቅ መንገድ ለገባ ሰው የሚባል ነው፤ እንኳን በሰላም ተመለስክ ማለት ነው።

ጋሽ ታምሩ ይናደዳሉ። «አልሄድኩም እኮ ሐጃ!»

«ዓርፋ» ትላለች ሐጃ። አውቃለሁ ማለቷ ነው።

በየዓመቱ እንዲህ ነበር፤ በየዓመቱም እንደ አዲስ እንስቅ ነበር።

ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት በነበረው ኅዳር ግን ጋሽ ታምሩ አልተከሉም። ከፕሮሰሱ ሰዎች ስልክ ተደውሎላቸው ነበር። ጉዳይህ አልቋል፣ ተዘጋጅ፣ ተባሉ። እኔና ሐጃ እልል ልንል ስንዘጋጅ ፊታቸውን አይተን ተውነው። ጠዋት ጠዋት መደቡ ጋ ይሄዱና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው ይመለሳሉ። ሐጃ በየቀኑ ወንበሯን ታወጣለች፣ ትጠብቃለች፣ ታስገባለች። አንድ ቀን ጋሽ ታምሩ ወደ ክፍሌ መጥተው «እንግዲህ አንቺ ትተክያቸዋለሽ» አሉኝ።

«እኔ? ወላሂ አልተክልም! ለቲማቲሜ ቦታ ይለቀቅልኝ እንጂ» አልኳቸው። ስቄ ነው ያልኩት፤ ግን ሰውዬው እውነት ሊሄዱ ነው።

አልሄዱም። እንደገና ተደውሎ ትንሽ ጠብቅ ተባሉ። ታኅሣሥ ሲያልቅ፣ ከጊዜው አሳልፈው፣ ከረጢቱን ይዘው ወጡና ተከሉ። ሐጃ ያን ቀን ሰላምታዋን በዝግታ ነበር ያለችው፤ እሳቸውም አልተናደዱም። ዘግይቶ ስለተተከለ ዘግይቶ አበበ። ሚያዝያ ላይ ጦርነቱ ሲፈነዳ፣ ያ ሁልጊዜ በዚያን ሰሞን ቢጫ መሆን የሚጀምረው ቅጠል ገና አረንጓዴ ነበር።

ስለ ተኩሱ ብዙ አላወራም፤ የሰማ ሰምቶታል። ውሃ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ፣ ዳቦ ጠፋ። ሐጃ ልጆቿ ውጭ አገር ናቸው፤ በስልክ ቢለምኗትም «ጉልበቴ አይታዘዘኝም፣ ቤቴንም ትቼ አልወጣም» ብላ ቁርጡን ነገረቻቸው። እኔ ገዳሪፍ እህት አለችኝ። ወደዚያ የሚሄድ አውቶቡስ ተገኘ ሲባል ለእኔና ለጋሽ ታምሩ ቦታ አስያዝኩ። እሳቸውን መጠየቅም አላስፈለገኝም። በዚህ ከተማ ውስጥ ሻንጣው የተዘጋጀ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ አውቶቡሱ ሊሄድ ነው፣ ሻንጣዎትን ያንሱ» አልኳቸው። ከመደቡ አጠገብ ቆመው ነበር።

«ቅጠሉ ገና ነው» አሉኝ።

«ምን?»

«ገና አረንጓዴ ነው። አሁን ቢነቀል ሥሩ አይሞላም፤ ይበሰብሳል።»

«ያ ጋሼ፣ እላያችን ላይ አውሮፕላን እየዞረ ነው እኮ!»

«አውሮፕላኑንማ አይቼዋለሁ። ቅጠሉን ነው አንቺ ያላየሽው።»

ደሜ ፈላ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሂያጅ ነኝ እያሉ ጆሯችንን ሲያደነቁሩት አልነበረም? ይኸው መሄጃ! ይሂዱ እንጂ!»

«እሄዳለሁ። ማን አልሄድም አለ? ሁለት ሳምንት ቢሆን ነው። ቢጫ ይሆናል፣ ነቅዬ እከተልሻለሁ።»

ተንበርክኬ አንዱን ከነቅጠሉ መዘዝኩት። እውነትም ሥሩ ገና ትንሽ፣ ነጭ፣ ልስልስ ያለ ነበር። ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱትና ጉድጓዱ ውስጥ መልሰው አፈሩን በመዳፋቸው ጫን ጫን አደረጉት። ሐጃ ወንበሯ ላይ ሆና ታየን ነበር። ጋሽ ታምሩም ወደ እሷ አላዩም።

ከዚያ ሻንጣቸውን አወጡ። ሐሳባቸውን የለወጡ መሰለኝ። የእኔን ጓዝ ነው ሻንጣው ላይ የጫኑት። እየጎተቱ እስከ አውቶቡሱ ሸኙኝ። ከሩቅ ተኩስ ይሰማል፣ የሻንጣው ጎማ ኮረኮንቹ ላይ ያንኳኳል። «ስሚው፣ ድምፅ እኮ የለውም» አሉኝ። እየሳቅሁ አለቀስኩ። በመስኮት ሳይ ባዶ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወደ ጀብራ ሲመለሱ ነበር።

ሁለት ሳምንቱ አለፈ። ኔትወርክ ባገኘሁ ቁጥር እደውላለሁ። «ነቀሉት?» «ነቅያለሁ፤ ግን መድረቅ አለበት።» ቆይቼ ስደውል «ደረቀ?» «ደርቋል፤ ግን ፍሪጅሽን ወሰዱት። ቀዝቃዛ ቦታ መፈለግ አለብኝ።» ስለ ፍሪጄ የተረዳሁት እንዲህ ነው፤ መርዶ ነጋሪዬ አበባ ሆነ። ስልኩ ለወራት ጠፍቶ ሲመለስ «ብርድ ገባ እኮ፣ ተከልኳቸው» አሉኝ።

«ተከሉ? ማን ሊነቅላቸው?»

«እስኪነቀሉ መጠበቅ ነዋ!»

ገዳሪፍ ውስጥ ያልነገርኩት ሰው የለም። ለአበባ ብለው ጥይት ውስጥ የተቀመጡ ሽማግሌ እያልኩ፣ ድምፃቸውን እያስመሰልኩ፣ እህቴንና ጎረቤቶቿን አስቅ ነበር። ያን ጊዜ ሳቅ ያስፈልገን ነበር፤ ጋሽ ታምሩም ለሳቅ የተመቹ ሰው ነበሩ። ግን በየሚያዝያው ዘንድሮ ይመጣሉ እያልኩ የአውቶቡስ ሰዎችን እጠይቅ ነበር። መጨረሻ ላይ የመጣው የሐጃ ስልክ ነው። ትኩሳት ያዛቸው፣ መድኃኒት ጠፋ፣ በአራተኛው ቀን አረፉ። የሰፈሩ ሰዎች ቀበሯቸው።

ወደ ካርቱም መኪና መመላለስ ሲጀምር ተመለስኩ። ጀብራ በሩ የተነቀለ፣ ሽቦው ከግድግዳ ውስጥ ተመዞ የተወሰደ ቤት በቤት ሆኗል። በእኔ ክፍል የፍሪጁ ቦታ ብቻ ከወለሉ ነጭ ሆኖ ይታያል። ሐጃ ከስታ አጥንቷ ቀርቷል፤ መነጽሯ ግን፣ ጋሽ ታምሩ በቀጭን ሽቦ ያሰሩላት፣ ዓይኗ ላይ ነበረች። ተቃቅፈን ብዙ ቆየን።

የጋሽ ታምሩን ክፍል ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት ሻንጣውን ነው። ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሟል። ጎማ የለውም። ከሥሩ ተመንግሎ ተወስዷል።

«ሻንጣውንም ዘረፉት እንዴ?» አልኳት ሐጃን።

ወደ በሩ አሳየችኝ። እዚያ አንድ ሳንቃ አለ፤ ከሥሩ እነዚያ ትንንሽ ጎማዎች በሚስማር ተመተዋል፤ እላዩ ላይ የውሃ ጀሪካን። «ውሃው ከሩቅ ጉድጓድ ነበር የሚቀዳው» አለችኝ። «መጀመሪያ በሻንጣው ላይ ጭኖ ይጎትት ነበር። ሻንጣው ሲቀደድ ጎማውን ነቅሎ ይሄን ሠራልኝ።» ከውሃው ደግሞ እየቀነሱ፣ ሐጃ የሰጠቻቸውን አሮጌ ዚር፣ የውሃውን ጋን፣ ዙሪያውን እያረጠቡ ያቀዘቅዙ ነበር። ሥሮቹ ባዶው ዚር ውስጥ ናቸው። የኸዋጃው ትእዛዝ ጦርነት አያውቅም ብዬ ልቀልድ ስጀምር ሐጃ እጄን ያዘችኝ።

«ባለፈው ዓመት ደወሉለት፣ ያ ዘይነብ።»

«እነማን?»

«እነዚያ፣ የጉዞው ሰዎች። ፖርት ሱዳን ድረስ ከመጣህ ጉዳይህ እዚያ ያልቃል አሉት። የሚወስደው መኪናም ነበረ። እኔም ሂድ አልኩት፣ በአላህ አስምዬ። ጎረቤት ውሃ ያመጣልኛል አልኩት።»

«እሳቸውስ?»

«ቅጠሉ ገና ነው፣ ሐጃ፣ አለኝ።»

እንደ ልማዴ ሳቄ መጣ። ሐጃ ግን አልሳቀችም።

«ኸሪፍ ነበር እኮ» አለችኝ። «የዝናቡ ወር። መሬቱ ላይ አንድም ቅጠል አልነበረም። ሁሉም ዚሩ ውስጥ ነበር።»

እዚያው ሳንቃው አጠገብ ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ለአበባ ቀሩ እያልኩ ስንት ሰው አስቄአለሁ። ሰውዬው ለአበባ አልነበረም የቀሩት። ጉልበቷ የማይታዘዛትን አሮጊት ብቻዋን ትተው መሄድ አልሆነላቸውም፤ ለእሷ ብዬ ነው ካሉ ደግሞ ሐጃ ራሷ በዱላ እንደምታባርራቸው ያውቃሉ። ለእኔስ በስልክ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? አይነግሩኝም። እኔ አፌ አይዘጋም፤ ለሐጃ ይደርሳት ነበር። አንጀቴን በሉት። ተናደድኩባቸውም፤ ሙት ላይ መናደድ ካለ።

ኅዳር ገባ። ጠዋት ንፋሱ ቀዝቀዝ ሲል ዚሩን ከፈትኩት። ሥሮቹ በካልሲ ተቋጥረው ተደርድረዋል። አንዱን ሳወጣው አወቅሁት፤ ተረከዙ ላይ የጠቀምኩበት ሰማያዊ ክር ሳይቀር አለ። የእኔ ካልሲ! «ሃቡብ ነው አሉ ደግሞ፣ እኚህ ሌባ!» አልኩ ጮክ ብዬ፤ ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ ምንም አላይም። ማጉያቸውን ዓይኔ ላይ ሰክቼ እንደሳቸው አገላበጥኩ። የበሰበሰ ነበረ፣ የደረቀ ነበረ፣ አብዛኛው ግን ጠንካራ ነው፤ ጫፉ ላይም አረንጓዴ ነጥብ አውጥቷል።

ሹካዬን ፈልጌ አገኘሁት። መደቡን እየቆፈርኩ፣ አልተክልም ብዬ በወላሂ የማልኩት እኔ፣ ጫፉን ወደ ላይ እያደረግሁ አንድ በአንድ አስገባሁ። ሐጃ ግድግዳውን እየያዘች ወጥታ ወንበሯ ላይ መቀመጧን ሰማሁ። ቀና አላልኩም። ከረጢቱ አጠገቤ ነበር።

«ሐምዲላ ዐላ ሰላማ፣ ያ ታምሩ» አለች።

እጄ ቆመ። መልሱን የሚመልሰው ሰው የለም፤ ጊዜው ግን ያችኑ መልስ ይጠብቃል። ዞሬ አየኋት። እኔን አልነበረም የምታየው፤ ከረጢቱን ነው።

«አልሄዱም እኮ ሐጃ» አልኳት።

«ዓርፋ» አለች።